ቅዳሜ ጠዋት ከቤት እንዳትወጪ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለስሂን፣

ያለሽበትን ሠፈር ስም በወጉ መጥራት ቢያቅተኝም እመቤቴ አድራሻሽን ታውቀዋለች፤ እሷው ከክፉ ነገር ሁሉ ትጋርድሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔም፣ ልጄ ሳምሪም፣ ያ ሞላጫው የልጅ ልጄ ኤሊም አለን፤ ክብር ለመድኃኔዓለም ይሁን።

የእሑዱ ስልክ ቀርቶ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ባንኮክ ከገባሽ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ሳላስታጉል ስደውልልሽ ኖሬ ድንገት ዝም ስል መደንገጥሽ አይቀርም። አይዞሽ፣ ጆሮዬን አሞኝ ነው። ግራ ጆሮዬ ንብ የገባበት ይመስል ይጮህብኛል። ዶክተሩ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ጠብታ ሰጠኝ፤ ስልክ የሚባል ነገር ለጊዜው አትንኪ አለኝ። አንቺም አትደውዪ። እስኪሻለኝ በደብዳቤ እንገናኝ። ሳምሪ “ማሚ፣ ኢሜይል ላድርግልሽ” ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። የልቤን ነገር በሌላ ሰው ጣት ማስጻፍ አልወድም።

እናትሽ ደህና ናት። ጸበል ገብታለች። ያ ወገቧ አላስቀምጥ ብሏት አይደል፣ ራቅ ወዳለ ቦታ ነው የሄደችው፤ ስልክ የለም። ትቆይ ይሆናል። ደሴ ደውለሽ ብታጪያት እንዳትደናገጪ።

እኔ ሮክቪል ያለው የሽማግሌዎች ነርሲንግ ሆም ነው አሁንም የምሠራው። በቀደም አንድ ሳምንት ኦፍ ወስጄ ነበር። ያን ሰሞን ቤቴ ሰው በዝቶ፣ ወንበሩ አልበቃ ብሎ፣ ሰዉ ኮሪደር ላይ ሁሉ ቆሞ፣ የአፓርትመንቱ ማኔጅመንት “ጩኸት በዛ” ብሎ በሬ ላይ ዋርኒንግ ለጠፈብኝ። ክርስትና ነበር። የሰው ክርስትና።

በስልክ ሰላምታ ብቻ ስንባባል ያልጠየቅኩሽን አሁን አንድ በአንድ መልሺልኝ። ብቻሽን ነው የምትኖሪው ወይስ ጓደኛ አለሽ? ሀበሻ አለ ወይ እዚያ? ትልቅ ሰው፣ በዕድሜ የበሰለ? ሴትስ? ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ በሩስ የትኛው? ጠዋት ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? አድራሻሽን በነሱ ፊደልም ጻፊልኝ፤ እንደ ጥልፍ በሚጠማዘዘው። ምን ይሠራልሻል አትበዪኝ፤ ያክስት ነገር ነው፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የምትወድሽ አክስትሽ
አሰለፈች


ባንኮክ፣ ራምካምሄንግ
ነሐሴ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ አሰለፈች፣

ከዚህ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ለጆሮዎ ምሕረቱን ያውርድልዎት። እኔ በርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ደብዳቤዎን ዘበኛው ሲያቀብለኝ ደንግጬ ነበር። እዚህ ሕንፃ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት መጥቶልኝ አያውቅም። የኢሚግሬሽን መጥሪያ መስሎኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የከፈትኩት። የርስዎን ጽሑፍ ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ያቺ ወደ ግራ የምትጋደም “ለ”ዎ አልተለወጠችም።

ጥያቄዎን ልመልስ። ብቻዬን ነኝ። አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ሲወጡ በስተግራ ሁለተኛው በር፤ ከኋላ ደግሞ ልብስ የምናጥብበት በረንዳ አለ፣ እሱም የራሱ ደረጃ አለው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ በቦዩ ጀልባ እሄዳለሁ። ጀልባው ሲቆም ዝለዪ ነው፤ ካልዘለሉ ትቶ ይሄዳል። ውኃው የሞተ ነገር ይሸታል፤ ሰዉ በሸራ ይጋረዳል፣ እኔም እጋረዳለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ የአገሩ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ሁሉም ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መንገደኛውም፣ ሻጩም። መጀመሪያ ሰሞን ሳላውቅ ስራመድ አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ አቆመችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀድሜ ነው የምቆመው። የአምስት ዓመት ልጆች እንግሊዝኛና ቁጥር አስተምራለሁ። ክረምቱ ሲያይል ቅያሱ እስከ ጉልበት ይሞላል፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምገባው።

ሀበሻ ልብስና የከበረ ድንጋይ ለመነገድ ይመጣል ይሄዳል ይባላል፤ እኔ አላውቃቸውም፣ ላውቃቸውም አልፈልግም። ምክንያቱን ያውቁታል። ትምህርት ቤቱ የሥራ ፈቃድ አወጣልሻለሁ ብሎ ሁለት ዓመት አስጠበቀኝ። እስከዛው በየወሩ ድንበር ተሻግሬ ማህተም እያስመታሁ እመለሳለሁ። ከተያዝኩ መጀመሪያ እስር ቤት ነው፣ ከዚያ አውሮፕላን። እስሩንስ እችለዋለሁ። እማዬ ባዶ እጄን ስመለስ እንዳታየኝ ነው የምፈራው። “ልጄ አስተማሪ ናት” እያለች ለሠፈሩ ሁሉ አውርታለች። ጓደኛዬ አንዲት ፊሊፒናዊት ብቻ ናት፤ ማሪቤል ትባላለች፣ አብራኝ ታስተምራለች።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ደሴ ደወልኩ። የጎረቤት ልጅ አንስታ “ጸበል ሄደዋል” አለችና ደህና ነሽ እንኳ ሳትለኝ ዘጋችው። እርስዎም ጋ ሁለቴ ደወልኩ፤ ሁለቴም ሳምሪ ነች ያነሳችው፣ “ማሚ ሥራ ናት፣ ባይ” አለችኝ። ምን ነካቸው ሁሉም? እባክዎ ጆሮዎ ሲሻል ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይደውሉልኝ። የቀኝ ጆሮዎ አለ አይደል!

ልጅዎ ስሂን


(ያልተላከ)

ሲልቨር ስፕሪንግ
ጳጉሜን 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ስሂንዬ፣ የኔ ዓለም፣

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከዛሬ ወዲያ አልዋሻትም ብዬ ማልኩ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

እናትሽ፣ እህቴ ካሰች፣ የለችም። ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ አንግሣ ተመልሳ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ ብላ ጋደም አለች። በቃ። አልተሰቃየችም። አርባዋን እዚህ አወጣንላት። በሬ ላይ ዋርኒንግ የተለጠፈው ግን መርዶው የመጣ ሰሞን ነው፤ ክርስትና አልነበረም፣ ለቅሶ ነበር፤ እኔ ነበርኩ የጮህኩት።

ለኔ እንዴት እንደተነገረኝ ልንገርሽ። ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ዘሪሁን፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ ከወንዙ ማዶ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ነድቶ መጥቶ፣ ከኋላው ስድስት ሰው ቆሟል። ሰባት ሰው በዚያ ሰዓት ለሰላምታ አይመጣም። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ወደቅኩ። ግን ሰው እጅ ላይ ነው የወደቅኩት። ሴቶቹ ከዚህም ከዚያም ያዙኝ፣ ውኃ አፈሰሱብኝ፣ እስከ ማታ አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም።

አንቺ ማን እጅ ላይ ትወድቂያለሽ? አራተኛ ፎቅ፣ ብቻሽን፣ ስልኩን ይዘሽ? እሱን ሳስብ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ድምፄን ከሰማሽ ታውቂያለሽ፤ ለዚያ ነው የማልደውለው። ኤሊ “ግራንድማ፣ ጀስት ቴል ኸር!” ይለኛል በእንግሊዝኛው። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ሰው በስልክ እየተነገረው ቆሞ ሲያለቅስ አይቶ ነው ያደገው። የኛ ሰው እንደዚያ አይደረግም። እኔ አላደርገውም።

አቶ ዘሪሁን የትምህርት ቤት ጓደኛው እዚያ ከተማ የከበረ ድንጋይ ይነግዳል፤ ንጋቱ ይባላል። እሱን ጠይቆልኛል። ንጋቱም “ብቻዬን አልነግርም፣ ሌላ ወንድና የምትይዛት ሴት ላግኝ” ብሏል። ጨዋ ነው። ሰማንያዋ ሳይደርስ ባገኙሽ ብዬ ነው


(ደብዳቤው እዚህ ላይ ቆሟል። በዚያው ቀን የተላከው የሚከተለው ነው።)

ሲልቨር ስፕሪንግ
ጳጉሜን 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለስሂን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ዘመኑን የደስታ ያድርግልሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጀልባ ላይ መዝለልሽን እዚህ ላሉት አውርቼ ሳቅን። እባክሽ ውኃው ውስጥ እንዳትገቢ። ጆሮዬ ገና ነው፤ የቀኙንም ጀምሮታል። ሳምሪን አትቀየሚያት፣ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። እናትሽ ጸበሉ ተስማምቷታል አሉ፤ ልቆይ ብላለች።

ሀበሾቹን አልፈልግም ማለትሽ ግን አላስደሰተኝም። ሰው ለሰው ነው። ብትታመሚ ማን ያነሳሻል? ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ትውያለሽ ወይስ ትሠሪያለሽ? ቶሎ መልሺልኝ።

አክስትሽ
አሰለፈች


ባንኮክ
መስከረም 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለፈች፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። እኛ 1999 ገባን፣ ፈረንጆቹ 2006 ይላሉ፣ የዚህ አገር ሰዎች ደግሞ 2549 ነው ይላሉ። በየትኛውም ቢቆጠር ለኔ ጥሩ ዓመት አይመስልም።

ዜናውን ሰምተው ይሆናል። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ማታ ወታደሩ መንግሥቱን ያዘው። ጠዋት ስንነሳ ትምህርት የለም። ከተማው መሃል ታንክ ቆሟል፤ ቢጫ ጥብጣብ አስረውበት። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ከወታደሮቹ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ አበባ ይሰጧቸዋል። ማሪቤል “ነይ እንየው” አለችኝ። ታንክ አይቶ መሳቅ ለኔ አልሆነልኝም። እኛ አገር ታንክ የመጣ ቀን እማዬ አልጋ ሥር ነው የደበቀችኝ።

ድንበር እየተሻገሩ ማህተም ማስመታቱ ሊከለከል ነው። የኔው ቀን ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ትምህርት ቤቱ “ጠብቂ” ነው የሚለኝ። እና እጠብቃለሁ፤ ቀኑም ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ሕገወጥ ነኝ።

የጻፍኩልዎት ግን ለሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ከሥራ ስገባ ዘበኛው ጠራኝ። በስባሪ እንግሊዝኛውና በእጁ ነው የምንግባባው። ሰውዬ መጥቶ ነበር አለኝ፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። “መምህሯ ስንተኛ ፎቅ ናት? ስንት ሰዓት ትወጣለች? ቅዳሜ ትኖራለች ወይ?” ብሎ ጠየቀው። በነሱ ፊደል የተጻፈ አድራሻዬን ይዟል። ዘበኛው ሁሉንም ነገረው፤ ፈገግ ብሎ ነው የነገረኝ፣ ደግ የሠራ መስሎት።

እትዬ፣ ፖሊሶቹ ለአፍሪካውያን አፍሪካዊ ሰላይ ይቀጥራሉ ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲህ መብራት አላበራም። ጫማዬን በር ላይ አልተውም፤ መኖሬ እንዳይታወቅ ይዤው እገባለሁ። ምግብ ስሠራ መጥበሻው ሲንጫጫ ደንግጬ አጠፋዋለሁ። ትናንት ጣሪያው ላይ ያለው ትልቁ እንሽላሊት ሲጮህ የሰው ድምፅ መስሎኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

አድራሻዬን በነሱ ፊደል የጻፍኩት ለርስዎ ብቻ ነው። ለሰው ሰጥተዋል? ሰጥተውም ከሆነ አልቆጣም፣ ብቻ ይንገሩኝ።

ሌላም አለ። ያ ክርስትና የማን ነበር? ሳምሪ በቅርቡ አልወለደች። ማን ነው ሕፃን ይዞ እርስዎ ቤት ክርስትና የሚያደርገው? እማዬስ በየትኛው ጸበል ናት? ስሙን ይጻፉልኝ። ስሙን ብቻ።

ስሂን


ሲልቨር ስፕሪንግ
መስከረም 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ስሂንዬ የኔ ልጅ፣

መላእክቱ በራስጌም በግርጌም ይቁሙልሽ። ደብዳቤሽን ባስ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ላንግሊ ፓርክ መውረድ ሲገባኝ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

አድራሻሽን ለማንም አልሰጠሁም። ሰውዬው ምናልባት የቤት ኪራይ ፈልጎ ይሆናል። ሰላይ አይደለም። እንዴት አወቅሽ ብትዪኝ ልቤ ነግሮኛል እልሻለሁ። ያን መብራት አብሪ! በጨለማ ተቀምጠሽ ዓይንሽ ይጥፋ እንዴ? ምግብሽንም ጥበሺ። የፈራ ሰው ሳይበላ ሲቀር ይብስበታል።

ክርስትናው የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ነበር፤ ቤቷ ጠባብ ነው። የጸበሉ ስም ከአፌ ጠፋኝ። ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ለምኜሻለሁ፤ በጡቴ አጥብቼ ያሳደግኩሽ ያህል ቆጥሬ ነው የምለምንሽ። ጥቅምት 11 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ከቤት እንዳትወጪ። ለምን አትበዪኝ። ልብስሽን ለባብሰሽ፣ አፍሽ ላይ የሆነ ነገር ቀምሰሽ ቆዪ። በር ከተንኳኳ ክፈቺ። ማንም ይሁን ማን ክፈቺ፣ እሺ?

ይኸው ነው። እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ጽሑፌ ቢበላሽ ይቅር በዪኝ፤ ብርዱ ገብቷል እዚህ።

አሰለፈች


ሲልቨር ስፕሪንግ
ጥቅምት 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለስሂን፣ በማሪቤል በኩል፣ በትምህርት ቤቱ አድራሻ

የት ነሽ?

የመጡት ሰዎች የኛ ሰዎች ናቸው። አቶ ንጋቱ የሚባል ነጋዴ ነው፤ ጫማው የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ቴዎድሮስ የሚባል ተማሪና ዮዲ የምትባል ሴት ይዞ ነው የመጣው። ሰላምታዬን ሊያደርሱልሽ ነው ሌላ አይደለም። በሩ ተከፍቶ፣ ሻንጣሽ ቁጭ ብሎ፣ አንቺ በኋላ ደረጃ ወርደሽ ጠፋሽ አሉኝ። ጫማ እንኳ አላደረገችም አሉኝ።

ስልክሽ ዝግ ነው። አዎ፣ ደወልኩ። ጆሮዬ ደህና ሆኗል፤ እንዲህ ሲሆን ጆሮ ምን ይሠራል! ቀን ቀን ሥራ ላይ የሽማግሌዎቹን አልጋ ሳነጥፍ የምትደውዪ ይመስለኝና ስልኬን ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ አደርጋለሁ፤ አይፈቀድም፣ ሱፐርቫይዘሯ ሁለቴ አይታኛለች። ሳምሪ ኢንተርኔት ላይ የባንኮክን እስር ቤቶች ስትፈልግ ያዝኳት፤ እኔን ስታይ ዘጋችው።

ታስረሽ ይሆን? ውኃ ውስጥ ወድቀሽ ይሆን? አንድ መስመር ጻፊልኝ። ደህና ነኝ በዪና ስምሽን ጻፊ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አሰለፈች


ባንኮክ
ኅዳር 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለፈች፣

በሕይወት አለሁ። አልታሰርኩም። ያስጨነቅኩዎትን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄአለሁ።

ያለሁት ማሪቤል ክፍል ነው፤ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታልኛለች። ደብዳቤዎን ስታመጣልኝ ሁለት ቀን ሳልከፍተው ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። ፖሊስ መጣብኝ ብዬ ነው የነገርኳት። ለርስዎም እንዲያው ልጽፍ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ያን ዓርብ ማታ ጨርሶ አልተኛሁም። ቅዳሜ አትውጪ፣ በር ክፈቺ ብለው ከጻፉልኝ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ሻንጣዬን ሸክፌ፣ ፓስፖርቴን ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ ልብሴን እንደለበስኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰማዩ ሲገለጥ፣ ጀልባዎቹ ገና ሥራ ሳይጀምሩ፣ ታች መኪና ቆመ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኮቴያቸው ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ሮጥኩ። ልብስ ማጠቢያው ጋ ያለውን ደረጃ በባዶ እግሬ ወረድኩ፤ ታች ውኃ ነበር፣ ገባሁበት። እግሬን ጠርሙስ ቆረጠኝ፤ አሁን ድኗል፣ አያስቡ።

እስከዚህ ያለው እውነት ነው። ያልነገርኩዎት አንድ ነገር ነው።

ኮቴያቸውን ከመስማቴ በፊት፣ መኪናው እንደቆመ፣ በረንዳ ወጥቼ ወደ ታች አይቻለሁ። መብራቱ ሥር ቆመው ነበር። ሁለት ወንዶች፣ አንዲት ሴት። ሴትየዋ ነጠላ ለብሳለች። ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ፣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ።

ፖሊስ ነጠላ አይለብስም፣ እትዬ። ሰላምታ የሚያደርስ ሰውም ነጠላ አያዘቀዝቅም። በደንብ አይቻታለሁ። አይቻት ነው የሮጥኩት።

ሰውዬው ከበረንዳው ላይ ሆኖ “ስሂን! እህቴ! የኛ ሰዎች ነን፣ አትሩጪ!” ይል ነበር። ፖሊስ ቢሆን እግሬ ተሳስሮ እዚያው እቆም ነበር። በአማርኛ ሲጠራኝ ነው ጉልበት ያገኘሁት።

እንግዲህ ማንም ምንም አልነገረኝም። አይደለም እንዴ? ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ እማዬ ጸበል ናት። ጠዋት ጠዋት ጀልባ ላይ ስዘል “እማዬ ጸበል ናት” እላለሁ፤ መዝሙሩ ሲዘመር ቀጥ ብዬ ቆሜ እሱኑ እላለሁ። ልጆቹ “ቲቸር፣ ለምን ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል?” ይሉኛል። ቀኔ ካለፈ ወር ሆኖታል። ፖሊስ ሳይ አልደነግጥም አሁን። ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ቆሞ ሲጋራ ሲገዛ ዝም ብዬ አየሁት። ሀበሻ የሚመስል ሰው መንገድ ላይ ሳይ ግን እጥፋለሁ።

እባክዎ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ስለ ጸበሉ ይጻፉልኝ። ስሙን ጠይቄ እጽፍልሻለሁ ብለውኝ ነበር። ብርድ አለው? ማን ነው ውኃ የሚቀዳላት? ወገቧስ ተሻላት? ረጅም አድርገው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ስሂን


ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለስሂን፣

በሕይወት ያቆየሽ አምላክ ስሙ ይባረክ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳምሪ አጠገቤ ነበረች። አንብቤ ስጨርስ ተቀበለችኝና እሷም አነበበችው፤ አማርኛ ማንበብ እንደምትችል እንኳ አላውቅም ነበር። ከዚያ ተነስታ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ስለ ጸበሉ አልጽፍልሽም። ብትለምኚኝም አልጽፍም። ጆሮዬም ታሞ አያውቅም። ዋሸሁሽ፤ ሦስት ወር ሙሉ ዋሸሁሽ፤ ለንስሐ አባቴም ተናገርኩት። አንቺን ላስደነግጥሽ ፈርቼ በጨለማ አስቀመጥኩሽ፣ ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ከተትኩሽ። አድራሻሽን ለማያውቁሽ ሰዎች መስጠት አልነበረብኝም። ምስኪኑ ንጋቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለተኛ የሰው በር አላንኳኳም ብሏል።

ጳጉሜን ላይ የጻፍኩልሽ አንድ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በፖስታ አልልከውም። ይዤው እመጣለሁ።

አዎ፣ እመጣለሁ። ሳምሪ ቲኬቱን ቆርጣዋለች። ሱፐርቫይዘሯ በገና ሰሞን ሊቭ የለም አለችኝ፤ ከተመለስኩ በኋላ ሥራው ቢኖርም ባይኖርም እንነጋገራለን አልኳት። እኔ ከአንድ ጊዜ በላይ በአውሮፕላን ሄጄ አላውቅም፤ እሱንም ወደዚህ ስመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት። ሁለት ቦታ መቀየር አለ። ኤሊ የሚቀየርበትን በር ቁጥር በትልቁ ጽፎ ካርድ ሠርቶልኛል፤ አንገቴ ላይ ሊያንጠለጥልልኝ ነው፣ እንደ ነርሲንግ ሆም ሰው። “ግራንድማ፣ አር ዩ ስኬርድ?” አለኝ። የስ አልኩት። በጣም ፈርቻለሁ። አውሮፕላኑን አይደለም። በርሽን ነው የምፈራው።

ሳምሪ ትምህርት ቤቱ ደውላ ማሪቤልን አግኝታታለች። አድራሻዋን ሰጥታናለች፤ ያን ጠዋት ከቤት አልወጣም፣ አብሬያት እሆናለሁ ብላለች። ደግ ልጅ ናት፣ በኔ ፈንታ ሳሚያት። እሷም አንድ ወገን ትይዛለች። ከዚያ ወዲያ ቀንሽ ያለፈበትን ቅጣት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከፍለን ደሴ አብረን እንገባለን። ባዶ እጅሽን አይደለሽም፤ እኔን ይዘሽኝ ነው የምትገቢው። አሁን ስለ እሱ አናውራ።

ታኅሣሥ 7 ቀን ቅዳሜ ነው። ማለዳ። ከቤት አትውጪ ብዬ አላዝሽም፤ አንዴ አዝዤሽ አይቼዋለሁ። ነጠላዬን እንዴት አድርጌ እንደምለብስ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ደብቄ አልገባም። ከበረንዳ ወደ ታች ብታዪ የምታገኚኝ እንደዚያው ሆኜ ነው። የኋላ ደረጃ ካለና መሮጥ ካማረሽ ሩጪ፤ እኔ ጉልበቴ አይችልም፣ አልከተልሽም። ታች ቆሜ ስምሽን እየጠራሁ እጠብቅሻለሁ፤ ሲመሽም እዚያው ነኝ።

ልክ እንደኔ ትወድቂያለሽ፣ ስሂንዬ፤ እሱ አይቀርም። ግን እኔ እጅ ላይ ነው የምትወድቂው።

ሲንኳኳ ክፈቺልኝ።

አክስትሽ
አሰለፈች